ባዶዎቹ መስመሮች፦ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ያገኘችውና ያመለጣት



እንደሚታወቀው ማኅበራችን ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ፣ ዕብራይስጥ ገና ያልቀናቸውን አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ወደ መሥሪያ ቤት ተከትሎ ሄዶ ማስተርጎም ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚሁ ሮቫ ቤት ከሚኖሩ አንድ አባት ጋር ለዚህ ጉዳይ ወጥቼ ነበር። ጸሐፊዋ ፎርሙን እየሞላች ሳለች፣ ቤተሰቡ ከገጠር ወጥቶ ጎንደር ከተማ ዓሊያ ሲጠብቅ የኖረባቸውን ዓመታት ጠቅሳ «በዚህ ጊዜ ምን ይሠራ ነበር?» ብላ ጠየቀች። እኒህ አባት ጥቂት አሰቡና «ምንም። ጠበቅሁ በያት» አሉኝ። እኔም ቃሉን እንዳለ «ክሉም» ብዬ አስተላለፍኩ። ጸሐፊዋ በቦታው ላይ ሰረዝ አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው አጠገባችን ቆሞ ሁሉንም ይሰማ ነበር።

በዚያው ሳምንት ይኸው ልጅ የቤት ሥራውን ይዞ ወደ ማኅበሩ መጣ። መምህሩ ተማሪዎቹን «የተወለዳችሁበት ወይም ወላጆቻችሁ የመጡበት አገር በኦሎምፒክ ምን አገኘ?» ብሎ እንዲጽፉ አዟቸው ነበር። እኔም የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ሳለሁ እንደ ለመድኩት በሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ ዓመቱን፣ ከተማውንና ሜዳሊያውን ጻፍኩለት። የሚከተለው የሠንጠረዡ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1956 ሜልቦርን፦ ሜዳሊያ የለም
1960 ሮም፦ 1 ወርቅ
1964 ቶኪዮ፦ 1 ወርቅ
1968 ሜክሲኮ፦ 1 ወርቅ፣ 1 ብር
1972 ሙኒክ፦ 2 ነሐስ
1976 ሞንትሪያል፦ —
1980 ሞስኮ፦ 2 ወርቅ፣ 2 ነሐስ
1984 ሎስ አንጀለስ፦ —
1988 ሴኡል፦ —
1992 ባርሴሎና፦ 1 ወርቅ፣ 2 ነሐስ

ልጁ ወርቁን አልጠየቀኝም። ጣቱን በሰረዞቹ ላይ አድርጎ «እነዚህስ? በእነዚህ ጊዜ ምንም አልሠሩም?» አለኝ። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ጅማሬው

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1956 በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ ነበር። የሄዱት ሯጮችና ብስክሌተኞች ሲሆኑ ከመካከላቸው ማሞ ወልዴ የሚባል ወጣት ወታደር ይገኝበታል። ማሞ በዚያ ጊዜ የሮጠው ማራቶን ሳይሆን 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና የዱላ ቅብብል ነበር፤ ምንም አላገኘም። ይህንን ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

ከአራት ዓመት በኋላ በሮም የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የክቡር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ ቢቂላ አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጦ መስከረም 10 ቀን 1960 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። በዚያ ዘመን ከዚህ ፈጥኖ ማራቶን የጨረሰ ሰው አልነበረም። ውድድሩ ያለቀው ከጨለማ በኋላ ነበርና ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን ከአክሱም ተነቅሎ የተወሰደው ሐውልት በዚያን ጊዜ ገና ሮም ላይ ቆሞ ነበር፤ አበበም ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው በሐውልቱ አካባቢ ነው ይባላል። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው። የአበበ አሠልጣኝ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እንደ ነበሩና በዚያው ውድድር ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ 7ኛ እንደ ወጣም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ከውድድሩ አምስት ሳምንት ገደማ በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሳለ እንደገና አሸነፈ። ሰዓቱ 2፡12፡11 ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

በ1968 በከፍተኛ ቦታ ላይ በምትገኘው ሜክሲኮ ከተማ አበበ እግሩን ታሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋረጠ። ከኋላው ግን ማሞ ወልዴ ነበረ። በ1956 ባዶ እጁን የተመለሰው ማሞ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ደግሞ ወርቅ አገኘ። በማራቶኑ ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊ የደረሰው ከሦስት ደቂቃ ያህል በኋላ ነው።

ሙኒክ፣ 1972

ይህንን ክፍል እዚህ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ በሁለት ዓይን ሊያነበው ይገባል።

መስከረም 5 ቀን 1972 ጎሕ ሳይቀድ የፍልስጤም ታጣቂዎች የእስራኤል ቡድን ወደሚያድርበት ሕንፃ ገቡ። በዚያና በማግስቱ ሌሊት አሥራ አንድ የእስራኤል ስፖርተኞች፣ አሠልጣኞችና ዳኞች ተገደሉ። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ስለ «አሥራ አንዱ» ሲሰሙ እነዚህን ማለት ነው። ጨዋታዎቹ ለአንድ ቀን ያህል ተቋርጠው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ከተደረገ በኋላ ቀጠሉ።

በዚያው ከተማ የኢትዮጵያ ቡድን ሁለት ነሐስ አገኘ። አንዱን በመስከረም 10 በተደረገው ማራቶን ማሞ ወልዴ በአርባ ዓመቱ አመጣው። ሁለተኛውን ያገኘው ከትግራይ የመጣው የአየር ኃይል ባልደረባ ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነው። ምሩፅ በ5,000 ሜትርም ተመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን የማጣሪያው ሰዓት ሲደርስ በመነሻው መስመር ላይ አልተገኘም። እንዴት እንዳመለጠው በተለያየ መንገድ ይተረካል። የሆነ ሆኖ ሌሎቹ ሮጡ፣ እርሱ ቀረ።

እንዲህ ያለ ሰው «ግድ የለም፣ ከአራት ዓመት በኋላ እመለሳለሁ» ማለቱ አይቀርም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው ሰረዝ ነው።

ሦስቱ ሰረዞች

በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደሚገዛት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ። የአፍሪካ አገሮችም ኒውዚላንድ ከሞንትሪያሉ ኦሎምፒክ እንድትወጣ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ተቀባይነት ስላላገኘ ከሃያ በላይ የሆኑ አገሮች ቀሩ። ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋር ነበረች። ምክንያቱ ትልቅ ምክንያት ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን ሯጮቹ ናቸው፤ ምሩፅም ሌላ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ፤ በእነዚያ ዓመታት ምሩፅ ምን ይሠራ ነበር? ይሮጥ ነበር። በ1977 ዱሰልዶርፍ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ቡድን ተሰልፎ 5,000 እና 10,000 ሜትርን አሸነፈ። በ1979 ደግሞ የዓለም ዋንጫው በሞንትሪያል ሲደረግ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በቀረበት ከተማ፣ ሁለቱንም ርቀት እንደገና አሸነፈ። ይህ ሁሉ በኦሎምፒኩ ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። ሠንጠረዡ የሚያውቀው ሰረዙን ብቻ ነው።

በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩፅ ተሰለፈ። ሐምሌ 27 ቀን 10,000 ሜትርን፣ ነሐሴ 1 ቀን 5,000 ሜትርን አሸነፈ። በመጨረሻው ዙር ላይ ድንገት ፍጥነቱን ስለሚለውጥ ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ይለው ነበር፤ ሁለቱንም ያሸነፈው በዚሁ ዘዴ ነው። መሐመድ ከድር በ10,000 ሜትር፣ እሸቱ ቱራ በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ ጨመሩ። ከሙኒክ እስከ ሞስኮ ስምንት ዓመት ነው። ያልተቀደመው ያን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብሎ ስላልጠበቀ ነው።

በነገራችን ላይ የእስራኤልም ሠንጠረዥ ሰረዝ አለበት። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን በመውረሯ አሜሪካና ሌሎች አገሮች ሞስኮ ሳይሄዱ ሲቀሩ እስራኤልም አብራ ቀርታለች።

የ1984ቱ ሰረዝ የመጣው የደርግ መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጎን ቆሞ ሎስ አንጀለስ አልሄድም በማለቱ ነው። በዚያ ክረምት ኢትዮጵያ በረሃብ ላይ ነበረች። ከእኛም ወገን ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው በእግራቸው ወደ ሱዳን ይጓዙ ነበር፤ በመንገድና በመጠለያ በሺህ የሚቆጠሩ አልቀዋል። ዓለም ሩጫ በሚያይበት ወር የእኛ እናቶች ሕፃን አዝለው ሌሊት ሌሊት ይጓዙ ነበር። ይህን ሩጫ የመዘገበ ዳኛ አልነበረም።

የ1988ቱ ሰረዝ ደግሞ ለሰሜን ኮሪያ በመደገፍ ሴኡል ባለመሄድ የመጣ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አይገባም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 17 ቀን በላይነህ ዴንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ክብረ ወሰኑ ለአሥር ዓመት ያህል ሳይነካ ቆየ። የዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሯጭ በእጇ እያለ ኢትዮጵያ ወደ ኦሎምፒክ አልሄደችም። በላይነህ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሳያገኝ የሩጫ ዘመኑ አለፈ።

እንግዲህ «የጠበቀ ሁሉ ያገኛል» ብዬ ልጆችን አላስተምርም፤ ምሩፅ አገኘ፣ በላይነህ ግን ሳያገኝ ቀረ። በሁለቱም ሰረዝ ውስጥ ግን ሥራ ነበር። ሰረዝ ማለት ሰውየው ምንም አልሠራም ማለት አይደለም፤ የሠራው በዚያ ወረቀት ላይ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም ማለት ነው።

ባርሴሎና፣ 1992

እኔ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስመጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በመርከዝ ቅሊጣ እንኖር ነበር። በጎንደር የተማርኩት እንዳልተማርኩ ተቆጥሮ ከዕድሜዬ ሁለት ክፍል ዝቅ ብዬ ገባሁ፤ በፎርሜ ላይም ሰረዝ ነበረበት።

በ1992 ክረምት ኦሎምፒኩ ሲደረግ በአዳራሹ ያለው አንድ ቴሌቪዥን አጠገብ ቦታ አይገኝም ነበር። ሐምሌ 30 ቀን ያኤል አራድ በጁዶ የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ በማግስቱ ኦረን ስማጃ ነሐስ ጨመረ። እስራኤል ከ1952 ጀምሮ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ሜዳሊያ ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አርባ ዓመት! ጁዶ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ከእኛ መካከል አልነበረም፤ ዘበኛው ግን ሲያለቅስ አይተን አብረን አጨበጨብን።

ከሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ የሴቶች 10,000 ሜትር ተደረገ። ዓርብ ማታ፣ ሰንበት ከገባ በኋላ ስለ ነበር አላየነውም። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ተከፈተና ከአርሲ በቆጂ የመጣችው ደራርቱ ቱሉ ማሸነፏን አየን። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች። ደራርቱ ከመስመሩ አልፋ ጠበቀቻት፤ ተቃቅፈውም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነበር። የ1976ቱ ሰረዝ ስለ ምን እንደ ተሰረዘ ለገባው ሰው መልሱ እዚያ ሜዳ ላይ ይታይ ነበር።

አባቴ በዚያ ማታ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ያቺ ልጅ ከበቆጂ ስትነሣ ማን ያውቃት ነበር?» አለ። እኔም በማግስቱ የዕብራይስጥ ደብተሬን ከፈትኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ላንሣ። በ1996 አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኙ። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ፣ ደራርቱ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ አራት ወርቅ አመጡ፤ ከሌሎቹ ጋር ስምንት ሜዳሊያ ሆነ። ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና መሠረት ደፋር ተከተሉ። በ2024 ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ የማራቶኑን ወርቅ በ2፡06፡26 አግኝቷል።

እንደገና ሙኒክ

የመጨረሻው ታሪክ ሁለቱን አገሮቻችንን ያገናኛል።

በመጀመሪያ ስለ ኃይሌ ሳታይን። በ1955 ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ሲሆን ወደ እስራኤል የመጣው በ1991 ነው፤ ማለት በሠላሳዎቹ ዕድሜ፣ ሯጮች ማቆም በሚጀምሩበት ጊዜ። በ2004 አቴና ላይ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ለእስራኤል ማራቶን ሮጦ 20ኛ ወጣ። «ለእኔ ጊዜው አልፏል» የሚል ወላጅ ካለ ይህንን ያስብ።

ነሐሴ 15 ቀን 2022 በሙኒክ ከተማ የተለያዩ ስፖርቶችን ባካተተው የአውሮፓ ሻምፒዮና የወንዶች ማራቶን ተደረገ። ማሩ ተፈሪ ከጀርመናዊው አሸናፊ በሁለት ሴኮንድ ብቻ ተቀድሞ የብር፣ ጋሻው አያሌ ደግሞ የነሐስ ሜዳሊያ አገኙ። በቡድን ውጤት የእስራኤል የማራቶን ቡድን ወርቁን ወሰደ። ማሩና ጋሻው ኢትዮጵያ ተወልደው በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው ወደዚህ የመጡ ናቸው። አሥራ አንዱ ከተገደሉና ማሞ ወልዴ በዚያው ከተማ የመጨረሻ ሜዳሊያውን ካገኘ ሃምሳ ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ከተማ የእስራኤልን ሰንደቅ ዓላማ ከፍ ያደረጉት ከእኛ ቤቶች የወጡ ልጆች ናቸው።

በዓመቱ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2023፣ ቡዳፔስት ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ማሩ በማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ ሦስተኛ የወጣው የኢትዮጵያው ልዑል ገብረ ሥላሴ ነበር። ሁለቱም በአንድ አገር የተወለዱ፣ አንዱ የአንዱን ሌላው የሌላውን ሰንደቅ ዓላማ ለብሰው ጎን ለጎን ቆሙ።

ለወላጆች

ይህንን ሁሉ ለልጁ ከነገርኩት በኋላ አባቱን ጠራኋቸውና ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። «አባቴ፣ ያን ዕለት በአስተርጓሚነቴ ስሕተት ሠርቻለሁ። እርስዎ ምንም ሲሉ እኔም ምንም ብዬ አለፍኩ። እስቲ አሁን ይንገሩኝ፤ ጎንደር ሳሉ ጠዋት ተነሥተው የት ይሄዱ ነበር?» አልኳቸው።

መጀመሪያ «ምን ይረባል ብለሽ ነው፣ እህቴ» አሉ። ቀስ በቀስ ግን ተናገሩ። በቀን ሠራተኛነት ድንጋይ ሲያነሡ፣ ሲሚንቶ ሲያቦኩ ኖረዋል። ማታ ማታ ምኩራብ እየሄዱ የዕብራይስጥ ፊደል ለይተዋል። አምስት ልጆች አሳድገው አስተምረዋል። የታመሙ እናታቸውን አስታመው ቀብረዋል። እኔ ስጽፍ ሁለት ገጽ ሞላ፤ በኋላም በዕብራይስጥ አዘጋጅተን ከፎርሙ ጋር እንዲያያዝ አድርገናል። የግንባታ ሥራ ልምድ እንዳላቸው የሚያስረዳው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ የጠበቃችሁባቸውን ዓመታት አንድ በአንድ አስቡና አስጽፉ። የሠራችሁት ሥራ፣ የተማራችሁት፣ ያሳደጋችሁት ሁሉ ይቆጠራል። መጻፍ የማይችል ወደ ማኅበሩ ይምጣ፤ እንጽፍለታለን። ከሁሉም በላይ ልጆቻችሁ ባሉበት «ምንም» አትበሉ። ልጅ የሰማውን ይይዛል፤ አባቱ ምንም ከሆነ እርሱም የምንም ልጅ የሆነ ይመስለዋል።

ልጁ የቤት ሥራውን ሲያስረክብ ሠንጠረዡን አይቼው ነበር። በ1976 ፊት ለፊት፣ በሰረዙ ፋንታ፣ በዕብራይስጥ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ምሩፅ በዚህ ዓመት ልምምድ ላይ ነበር።»